የኢሜይል ቅንብርና የአድራሻ መዝገብ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ስለ መዛወሩ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

፩. መግቢያ

አንድ ሰው አሮጌ ኮምፒዩተሩን ትቶ አዲስ ሲገዛ ዕቃው ይለወጣል እንጂ የሚጻጻፋቸው ሰዎች አይለወጡም። ይሁን እንጂ የኢሜይል ፕሮግራሙን በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍተው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ የባለቤቱን ስም አያውቅም፤ ደብዳቤ ከየት እንደሚቀበልና በየት በኩል እንደሚልክ አያውቅም፤ በብዙ ዓመት የተጠራቀመው የዘመድ፥ የወዳጅና የሥራ ባልደረባ አድራሻም በውስጡ የለም። ይህን ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር በአንድ ዘመን የጥቂት ደቂቃ ሥራ፥ በሌላ ዘመን ደግሞ የብዙ ቀን ድካም ሆኖ ቈይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ብዙዎች ችግሩን የተጠቃሚው ዕውቀት ማነስ ያመጣው አድርገው ይመለከቱታል። ነገሩን ከመነሻው ስንከታተለው ግን ዋናው ምክንያት ከሁለት ጥያቄዎች የሚመነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው፥ ዋናው ቅጂ የተቀመጠው የት ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የተጻፈው ማንም ሊያነበው በሚችል ሥርዓት ነው ወይስ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ብቻ በሚያውቀው? የሚል ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የቃላቱን ትርጕም እንወስን። «ሰርቨር» ማለት የብዙ ሰዎችን ደብዳቤ ተቀብሎ እንደ ፖስታ ቤት የሚያቈይ ኮምፒዩተር ነው። «ቅንብር» ስንል ፕሮግራሙ ከዚህ ሰርቨር ጋር እንዲገናኝ የሚሞላለትን መመሪያ ማለታችን ነው፤ ይኸውም የተጠቃሚው መለያ፥ የይለፍ ቃል፥ የሰርቨሩ ስም፥ የፖርት ቍጥርና ይህን የመሳሰለው ነው። «የአድራሻ መዝገብ» ደግሞ ተጠቃሚው የሚጻጻፋቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ የያዘው ዝርዝር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፪. ማዛወር ያላስፈለገበት ዘመን

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከግል ኮምፒዩተር በዕድሜ ይበልጣል። በ1965 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ የተባሉ ሰዎች፥ በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በጋራ የሚሠሩ ተጠቃሚዎች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚተዉበትን ትእዛዝ ጻፉ። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን አርፓኔት በተባለው መረብ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መልእክት ላከ። የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየውን የ@ ምልክት የመረጠው እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ተርሚናል ብቻ ነው። ደብዳቤውም ሆነ የአድራሻው ዝርዝር በትልቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጥ ተርሚናሉ ቢበላሽ ሰውየው ሌላ ተርሚናል ፊት ተቀምጦ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ማዛወር የሚባል ችግር አልነበረም። ነገር ግን ባለቤቱ በንብረቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ነበረው ማለት አይደለም፤ ትልቁን ኮምፒዩተር የሚያስተዳድረው ተቋም የተጠቃሚውን መለያ ቢዘጋበት ደብዳቤውና አድራሻው በዚያው ይቀራሉ።

ከዚያ ዘመን የተወረሰ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ደብዳቤዎች ኤምቦክስ በሚባል መንገድ በአንድ ፋይል ውስጥ እየተከታተሉ በተራ ጽሑፍ ይጻፉ ነበር። የአንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ ከሌላው የሚለየው «ከ» የሚል ትርጕም ባለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምር መሥመር ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል በማናቸውም ኮምፒዩተር ከፍቶ በዓይን ማንበብ ይቻላል። ይህ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የታወቀው በኋላ ነው።

፫. ዋናው ቅጂ ወደ ጠረጴዛ መምጣቱ

የግል ኮምፒዩተር እየበዛ ሲሄድ አዲስ ችግር መጣ። ደብዳቤ በማናቸውም ሰዓት ይደርሳል፤ የግል ኮምፒዩተር ግን ሌሊት ይዘጋል። በ1984 የወጣው ፖፕ የተባለው ደንብ ለዚህ መልስ ሰጠ። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ያቈያል፤ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ሲከፈት ይገናኝና ደብዳቤውን ይወስዳል፤ ተጠቃሚው በሌላ መንገድ ካላዘዘ በቀር ከሰርቨሩ ይሠረዛል። በ1988 የወጣው የዚሁ ደንብ ሦስተኛው እትም በዓለም ሁሉ ተሠራጨ።

በዚህ ምክንያት ዋናው ቅጂ ከተቋሙ ኮምፒዩተር ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው ጠረጴዛ መጣ። ተጠቃሚው የደብዳቤው ጠባቂ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩ ሲሰበርም ሆነ ሲለወጥ ኀላፊነቱ የእርሱ ሆነ። የዝውውር ታሪክ በእውነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ዶርነር ኢዩዶራ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ስሙን የወሰደው ነዋሪነቷን በፖስታ ቤት ስላደረገች ሴት አጭር ልብ ወለድ ከጻፈችው ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከኢዩዶራ ዌልቲ ነው። ፕሮግራሙ በኋላ ኳልኮም ወደተባለው ኩባንያ ተዛወረ። በዊንዶውስ ላይ ይሠራ የነበረው ኢዩዶራ ቅንብሩን በአንድ የጽሑፍ ፋይል፥ የአድራሻውን ዝርዝር በሌላ የጽሑፍ ፋይል፥ ደብዳቤዎቹን ደግሞ በዚያው በጥንቱ ኤምቦክስ ሥርዓት ይጽፍ ነበር። ተጠቃሚው እነዚህ ፋይሎች ያሉበትን ማኅደር ገልብጦ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ቢያስቀምጥ ሥራው በአብዛኛው አለቀለት።

ኩባንያው ፕሮግራሙን ማሻሻል እንደሚያቆም በ2006 አስታወቀ፤ በ2018 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣ። በእነዚያ ዓመታት መካከል ፕሮግራሙ ቢያረጅም ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፤ በተራ ጽሑፍ ስለ ተጻፉ ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያነቧቸው ችለዋል።

፬. የተበታተነና የተዘጋ መዝገብ

ማይክሮሶፍት በ1997 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ጋር አውትሉክ ኤክስፕረስ የተባለውን ፕሮግራም ያለ ዋጋ አወጣ። ከዊንዶውስ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ እጅግ ብዙ ሰው ተጠቀመበት፤ ስለ ዝውውር ችግር በሚነሣ ጊዜም ስሙ ቶሎ የሚታወሰው ይህ ፕሮግራም ነው።

ምክንያቱ መዝገቡ መበታተኑ ነው። የመለያው ቅንብር የሚጻፈው ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ ነበር። አድራሻዎቹ በራሳቸው ፋይል ለብቻ ይቀመጣሉ። ደብዳቤዎቹ ለእያንዳንዱ የደብዳቤ ሣጥን አንድ አንድ ፋይል ሆነው በተለመደው አሠራር ለዓይን በማይታይ ማኅደር ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ ተጠቃሚው «ሰነዶቼ» የሚለውን ማኅደር ብቻ ገልብጦ አሮጌውን ኮምፒዩተር ቢያጠፋ ከሦስቱ አንዱንም ይዞ አልሄደም ማለት ነው። በትክክል ለማዛወር የፈለገ ሰው ቅንብሩን ከፕሮግራሙ ውስጥ በፋይል ማውጣት፥ አድራሻውን ለብቻው ማውጣት፥ የደብዳቤዎቹንም ማኅደር ፈልጎ መገልበጥ ነበረበት።

አውትሉክ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ደብዳቤውን፥ አድራሻውንና የቀን መቍጠሪያውን በአንድ ፋይል ሰበሰበ። በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ለመገልበጥ ይመቻል፤ ነገር ግን አጻጻፉ ዝግ ስለ ነበረ ያለ አውትሉክ ለማንበብ አስቸጋሪ ነበር። እስከ 2003 እትም ድረስም ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር። ማይክሮሶፍት የዚህን ፋይል አሠራር ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣው በ2010 ነው።

በዚህ ላይ ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ዝግ አጻጻፍ የመጣው ደንበኛን አስሮ ለመያዝ ብቻ አይደለም። በሺህ ከሚቈጠሩ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን በፍጥነት ለማግኘት ከተራ ጽሑፍ ይልቅ ማውጫ ያለው መዝገብ ይሻላል። ጥፋቱ ማውጫ በመሠራቱ ሳይሆን መውጫው ጠባብ ሆኖ በመቅረቱ ነው።

ኩባንያውም ችግሩን አላጣውም። በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ፋይልና ቅንብርን ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ የሚያዛውር ረዳት ፕሮግራም ሰጠ፤ በ2007 ለሕዝብ በቀረበው በቪስታ ውስጥ ይኸው ረዳት በሌላ ስም ቀጠለ። ግን በዚያው በቪስታ ራሱ አውትሉክ ኤክስፕረስ ቀርቶ በዊንዶውስ ሜይል ተተካ። በ2015 በወጣው በዊንዶውስ 10 ደግሞ ረዳቱ ፕሮግራም አብሮ አልመጣም። አሻጋሪው ራሱ እንደ ተሻጋሪው አላፊ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

በ2004 የወጣው ተንደርበርድ ከሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ያሳየናል። ቅንብሩ፥ አድራሻውና ደብዳቤው ሁሉ «ፕሮፋይል» በሚባል በአንድ ማኅደር ውስጥ ስለሚገኝ ማኅደሩን እንዳለ መገልበጥ ይበቃል። ሆኖም የአድራሻው መዝገብ ሞርክ በተባለ፥ ጽሑፍ ቢሆንም ሰው ሊያነበው በሚቸግረው ሥርዓት ለብዙ ዓመት ሲጻፍ ኖሯል። ከተንደርበርድ ወደ ተንደርበርድ ማዛወር ቀላል፥ ከተንደርበርድ ወደ ሌላ ፕሮግራም ማዛወር ግን ከባድ ነበር። በመግቢያው የጠቀስናቸው ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ይታወቃል።

፭. የጋራ ሥርዓት ፍለጋ

ከችግሩ ለመውጣት ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል።

የመጀመሪያው ዋናውን ቅጂ ወደ ሰርቨሩ መመለስ ነው። ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው አይማፕ የተባለው ደንብ ደብዳቤውን በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ትቶ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ከሩቅ እንዲመለከተው ያደርጋል። በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ቅንብሩን ብቻ መሙላት ይበቃል፤ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ይታያሉ። ነገር ግን አይማፕ ስለ ደብዳቤ እንጂ ስለ አድራሻ መዝገብ ወይም ስለ ቅንብር አልተናገረም። ይህን ለመሙላት በ1997 አካፕ የተባለ ደንብ ወጣ፤ ሐሳቡ ቅንብሩና የአድራሻው መዝገብ ጭምር በሰርቨር ላይ ተቀምጠው ተጠቃሚው በደረሰበት ኮምፒዩተር ሁሉ እንዲያገኛቸው ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የተቀበሉት ፕሮግራሞች ጥቂቶች ስለ ነበሩ ሳይሠራጭ ቀረ። ለአድራሻ መዝገብ ብቻ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ካርድዳቭ ደንብ ሆኖ የወጣው በ2011 ነው።

ሁለተኛው መንገድ አድራሻዎችን በጋራ አጻጻፍ ማውጣት ነው። ከሁሉ የተለመደው ሲኤስቪ የሚባለው፥ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ዓምዶች ያሉት የጽሑፍ ሠንጠረዥ ነው። ብዙ ፕሮግራም ይጽፈዋል፤ ዳሩ ግን አንዱ ፕሮግራም ለዓምዱ የሚሰጠው ስም ከሌላው ስለሚለይ ተጠቃሚው የትኛው ዓምድ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም በእጁ ማመልከት አለበት። ከዚህ የተሻለው ቪካርድ ነው። አፕል፥ ኤቲ ኤንድ ቲ፥ አይቢኤምና ሲመንስ ተባብረው በ1995 የጀመሩት ሲሆን የአንድን ሰው ስም፥ አድራሻና ስልክ እንደ መጠሪያ ካርድ በአንድ ፋይል ይጽፋል። በ1998 የኢንተርኔት ደንብ ሆነ።

ሦስተኛው መንገድ ቅንብሩን ጨርሶ አለማዛወር ነው። ቅንብር ከአድራሻ መዝገብ በባሕርዩ ይለያል። ፖፕ በ110፥ አይማፕ በ143 የፖርት ቍጥር፥ በምስጢር ሲጠበቁ ደግሞ በ995ና በ993 መገናኘታቸው ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ የሰርቨሩም ስም አገልግሎት ሰጪው የሚያውቀው ነው። በ2009 የወጣው ተንደርበርድ 3 ተጠቃሚው ስሙን፥ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ብቻ ሲሰጠው የቀረውን ራሱ ፈልጎ የሚሞላ ሆነ። ስለዚህ ቅንብር ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል። የጠፋ የአድራሻ መዝገብ ግን ማንም መልሶ ሊሞላው አይችልም፤ ባለቤቱ በሕይወቱ ያሰባሰበው ነውና።

፮. የአማርኛ ፊደልና የኢትዮጵያውያን ስም

ይህ ታሪክ እኛን የሚነካበት የተለየ መንገድ አለው። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 ከመጀመሩ በፊት በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ በስልክ መሥመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያለዋውጥ ነበር። የተጠቃሚው ኮምፒዩተር በስልክ ይገናኛል፤ የሚሰጠውን ሰጥቶ የሚቀበለውን ተቀብሎ መሥመሩን ይዘጋል፤ ደብዳቤው የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሲጀመር ዋናው ቅጂ በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥበት ልማድ አብሮ ገባ።

የፊደሉ ነገር ከዚህ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የመጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፊደል ቍጥር ነበራቸው፤ የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው በላዩ የግዕዙን ቅርጽ ያሳዩ ነበር። የአድራሻ መዝገብ ግን ቅርጹን ሳይሆን ቍጥሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ስም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲሻገር ትርጕም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ አደጋው ወዲያው አልቀረም። የሲኤስቪው ሠንጠረዥ የግዕዝን ፊደል በማያውቅ በአሮጌው የዊንዶውስ የፊደል ኮድ ቢጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ይህ የሚብሰው ስለማይመለስ ነው፤ የላቲኑ ምልክት የትኛው ፕሮግራም እንደ ጻፈው ከታወቀ ወደ ፊደሉ ሊመለስ ይችላል፤ የጥያቄ ምልክቱ ግን ከየትኛው ፊደል እንደ መጣ የሚያስታውቅ ምንም የለውም። በ2011 የወጣው አራተኛው የቪካርድ እትም ሁሉም በዩኒኮድ እንዲጻፍ ያዘዘ በመሆኑ ለእኛ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ስማችንም እንዲሁ ከሠንጠረዡ ጋር አይስማማም። የአውሮጳውያን የአድራሻ መዝገብ የቤተሰብን ስም ከግል ስም ለይቶ ይጠይቃል። አልማዝ ታደሰ የምትባል ሴት ብናስብ ታደሰ የአባቷ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። አንዱ ተጠቃሚ «ታደሰ»ን በቤተሰብ ስም ቦታ ይጽፋል፤ ሌላው «አልማዝ ታደሰ»ን በሙሉ በግል ስም ቦታ ያስገባል፤ ሦስተኛው «ወይዘሮ» ብሎ ይጨምራል። መዝገቦቹ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀላቀሉ አንዲቱ ሴት ሦስት ሰው ትሆናለች፤ በአባት ስም በተደረደረ ዝርዝርም ወንድሟን ሳይቀር ከእርሷ ጋር እያምታታ ያቀርባል። ሦስተኛው የቪካርድ እትም የተከፋፈለውን ስም ግዴታ አድርጎት ነበር፤ አራተኛው ግን በሙሉ የሚጻፈውን ስም ብቻ ግዴታ አድርጎ ክፍፍሉን በፈቃድ ተወው። ደንቡ የወጣው ለእኛ ተብሎ ባይሆንም ስማችንን እንዳለ ለመጻፍ ቦታ ሰጥቶናል።

፯. ወደ ሰርቨሩ የተመለሰው መዝገብ

በ1996 ሆትሜል፥ በ2004 ጂሜይል ለሕዝብ ከቀረቡ በኋላ ብዙ ሰው ደብዳቤውንና አድራሻውን በኩባንያዎች ሰርቨር ላይ ማኖር ጀመረ። ኮምፒዩተር መለወጥ ዛሬ ለብዙዎች የይለፍ ቃል ከማስገባት የማይበልጥ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩ ዞሮ ወደ 1965 ሥርዓት ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ የዛሬው ኮምፒዩተር በዚህ ረገድ እንደ ጥንቱ ተርሚናል ሆኗል።

ነገር ግን የጥንቱ ችግርም አብሮ ተመልሷል። በ2010 ጉግልና ፌስቡክ የተጠቃሚዎችን የጂሜይል አድራሻዎች ስለ መውሰድ ተጣሉ፤ ጉግል፥ አንተም አድራሻዎቹን ካልሰጠህ አልሰጥህም በማለት መንገዱን ዘጋ። ሁለቱ ሲከራከሩ የአድራሻዎቹ ባለቤት በመካከል ቆሞ ነበር። በ2011 ጉግል ተጠቃሚው መረጃውን በፋይል የሚያወጣበትን ቴክአውት የተባለ አገልግሎት ከፈተ። የአውሮጳ ኅብረት ደግሞ ከግንቦት 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ ባደረገው የግል መረጃ ሕግ በ20ኛው አንቀጽ፥ ሰው የሰጠውን መረጃ ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል የተለመደ አጻጻፍ ተቀብሎ ወደ ሌላ የመውሰድ መብት እንዳለው ደነገገ። በአውትሉክ ኤክስፕረስ ዘመን የብልኀት ጕዳይ የነበረው ዝውውር በዚህ ሕግ የመብት ጕዳይ ሆነ።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ዋናው ቅጂ ከተቋሙ ወደ ጠረጴዛ፥ ከጠረጴዛ ወደ ኩባንያ ሰርቨር ተመላልሷል። ቦታው በተለዋወጠ ቍጥር የሚጠብቀው ሰው ይለወጣል፤ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ሳይጠፋ የተሻገረው ግን በግልጽ አጻጻፍ የተጻፈው ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የዚህ ታሪክ ትምህርት በተረቱ ላይ አንድ ነገር ያስጨምራል፤ በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ወራሹ ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ሲሆን ነው።

ከዚህም የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ኮምፒዩተሩን የሚለውጥ ሰው ከቅንብሩ ይልቅ ለአድራሻው መዝገብ ይጠንቀቅ። አድራሻውን በቪካርድ ያውጣ፤ በሲኤስቪም ቢያወጣ በዩኒኮድ መጻፉን ያረጋግጥ። በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛው ስም በትክክል መነበቡን በዓይኑ ሳያይ አሮጌውን አያጥፋ።

ጕዳዩ ለታሪክ ተማሪዎች ከዚህም ያለፈ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይነበባል፤ ለማንበብም ፊደሉንና ቋንቋውን ማወቅ ይበቃል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ምሁራኖቻችን፥ ነጋዴዎቻችንና በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የተጻጻፉት ግን በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ፋይሎች ውስጥ ነው። ማን ከማን ጋር ይጻጻፍ እንደ ነበር የሚነግረን የአድራሻቸው መዝገብ ነው። ቤተ መጻሕፍቶቻችን የታላላቅ ሰዎችን ወረቀት እንደሚሰበስቡ ሁሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮቻቸውም ከመጣላቸው በፊት በውስጣቸው ያለውን በግልጽ አጻጻፍ አውጥቶ የማስቀመጥ ሥራ ቢጀምሩ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ ትልቅ ውለታ ይሆናል። በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ ጥናት እንዲደረግ ይህ አጭር ጽሑፍ መነሻ ቢሆን ዓላማው ተፈጸመ ማለት ነው።